እግሬ ፍሬን ላይ የዋለበት ሠርግ

ሰው ከፈረስ የሚወድቀው በብዙ ዓይነት ነው። በጎን የሚወድቅ አለ። በፈረሱ አናት ላይ አልፎ የሚወድቅ አለ። ገና ሊወጣ ሲል በወዲያኛው በኩል የሚወርድም አለ። በእኛ በአገው ምድር ይህ ሁሉ ነውር አይደለም። የወደቀ ሰው ይነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ፈረሱን ይሰድባል፣ ጠላውን ይጠጣል፤ በቃ። እኔ ግን ሳልወድቅ የተዋረድኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ውርደት ከእኔ በፊት በማንም ላይ ሲደርስ አላየሁም።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ጎፈሬዬ ገና ጥቁር ሳለ። በጥር ወር ፈረሰኞች በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ አገር ምድሩ ቆሞ እያየ፣ የአጎቴን የአያ ዘለቀን ፈረስ ተውሼ ወጣሁ። ፈረሱ እንደ ደንቡ ጋለበ። እኔም እንደ ደንቡ ልጓሙን ይዤ ነበር፤ እስከ ሜዳው እኩሌታ ድረስ። ከዚያ ወዲያ እጄን ምን እንደነካው አላውቅም፣ ልጓሙን ለቀቀና የፈረሱን አንገት አቀፈ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጉንጬን ጋማው ላይ ለጥፌ፣ «እናቴ! እናቴ!» እያልኩ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ፈረሱ ሲሰለቸው በራሱ ጊዜ ቆመ። ስወርድ ሰዉ ሣሩ ላይ እየተንከባለለ ይስቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዳንግላ እስከ ኮሶበር (ዛሬ እንጅባራ የምንላትን ያኔ ኮሶበር ነበር የምንላት) ስሜ «አንገት አቃፊው» ሆኖ ቀረ።

ይህንስ እችለው ነበር። ችግሩ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልሳቀ አንድ ሰው መኖሩ ነው። እሳቸውም ግራዝማች አለነ ናቸው፤ የዘንገናው ግራዝማች፣ ዳማ ፈረሳቸውን ከልጆቻቸው ለይተው የማያዩ ሰው። ቢስቁ በወደድኩ። ምክንያቱም ልጃቸውን አስካልን ለመጠየቅ ሽማግሌ ልልክ የተዘጋጀሁት በዚያው ሳምንት ነበር።

አስካልና እኔ ዳንግላ ተማሪ ቤት ሳለን ነው የተዋወቅነው። ሜዳው ላይ የተሳቀብኝ ዕለት ማታ በጓደኛዋ በኩል የላከችልኝ ቃል እስከ ዛሬ አይረሳኝም። «አንገት ማቀፍህን አልጠላሁትም፤ የፈረስ መሆኑ ነው የከፋኝ» ነበር ያለችው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌላ ሴት ላግባ ብል እግዜርም አይወደው።

አያ ዘለቀ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ሄደ። ግራዝማች በሥነ ሥርዓት ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አጠጧቸው፣ ከዚያም እንዲህ አሉ።

«ልጁ ጨዋ ነው። ተምሯል። ሥራም አለው። ግን የያዘውን ይለቃል። እኔ የያዘውን ለሚለቅ ሰው እንኳን ልጄን ጥጃዬን አላስይዝም።»

አያ ዘለቀ ሦስት እሑድ ተመላልሶ ለመነ። በሦስተኛው ግራዝማች ትንሽ ለዘብ አሉ። «እሺ። የሠርጉ ዕለት ማንም ሳይስብለት፣ ልጓሙን ራሱ ይዞ፣ ሳይለቅ፣ ደጄ ድረስ ይምጣ። ይኸው ፈረሱ፣ ይኸው ሜዳው!»

አጎቴ ሊያስተምረኝ ሞከረ። «ፈረስ ልጓሙን ሲጎትትህ፣ ሲመልስልህ፣ አትታገለው። አላላለት። አላልተህ ታሸንፈዋለህ» እያለ በየጧቱ ይመክረኛል። ምክሩን በቃሌ አጠናሁት። ፈረሱ አጠገብ ስደርስ ግን ምክሩን እየደገምኩ ዞሬ እመለሳለሁ።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው መኪናው የመጣው።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። ዳንግላ ተቀምጦ የመንገድ ጥናት ለሚያጠና አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አስተረጉማለሁ። ሁላችንም «ሚስተር» ነበር የምንለው። ይህ ሰው ደመወዙን ሁሉ አጠራቅሞ ከአገሩ በመርከብ አንድ መኪና አስመጣ። እናንተዬ፣ መኪና ስላችሁ የለመዳችሁትን ዓይነት እንዳይመስላችሁ! ሀብታም ሰው ሻንጣውን ከኋላ ጭኖ አገር አቋርጦ ሲሄድ ድካም እንዳይሰማው ተብሎ የተሠራ ነው። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ሁለት በር ብቻ ያለው፣ ወንበሩ በቆዳ የተለበጠ። ሚስተር እንደሚለው በዓለም ላይ ያለው ቁጥሩ እንደ ዋልያ ጥቂት ነው።

ዳንግላ ገበያ ስናቆመው ሰዉ ከበበው። እኛ ጋ ሰው መኪና የሚያየው ፈረስ በሚያይበት ዓይን ነው፤ መብራቱን አይደለም፣ እግሩን ነው ጎንበስ ብሎ የሚያየው። «ሆዱ ዝቅ ብሏል» አለ አንዱ። «ቢሆንም ባለ ጭን ነው» አለ ሌላው። ቤንዚን በበርሜል የሚሸጡልን ሐጂ ሰዒድ ብቻ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ መኪና ቤንዚን አይጠጣም፤ ገላውን ይታጠብበታል» አሉኝ። እሳቸው በደስታ ነው ይህን ያሉት።

ሚስተር ስለ መኪናው ሲናገር ዓይኑ እንባ ያቀራል። የሌላውን መኪና የሚገፉት ሁለት ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ዝም ብለው ይከተላሉ። የዚህን ግን ሞተሩ አራቱንም ያሠራቸዋል። ለጭነት መኪና ካልሆነ ለእንዲህ ያለ ቅንጡ መኪና ማንም አስቦት አያውቅም ነበር አለኝ። ፍሬኑም እንደዚሁ ጉድ ነው። መሬቱ ሲያዳልጥ በራሱ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ጎማው እንዳይንሸራተት ይጠብቃል። ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ ስለ መርገጫው፣ ስለ እግር፣ «በጭራሽ» ስለሚል ነገር ብዙ አብራራልኝ። እኔም «የስ፣ የስ» አልኩት። አስተርጓሚ ሆኖ «አልገባኝም» ማለት የገዛ እንጀራን መርገጥ ነው። ያን ጊዜ አንድ «ኖ» ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

አራት ጎማ የሚለው ነገር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ሮጬ አያ ዘለቀ ዘንድ ሄድኩ። እሱም ሮጦ ዘንገና ሄደ። ሙግቱ ላይ አልነበርኩም፤ አጎቴ እንደነገረኝ ግን እንዲህ ነበር።

«ግራዝማች፣ መኪናም እኮ መሪ አለው። በእጅ ይያዛል፣ ወደ ቀኝ ሲሉት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሉት ወደ ግራ ነው። ከልጓም በምን ይለያል?»

«መኪና በሁለት እግሩ እየገፋ በሁለቱ የሚጎተት ሰነፍ ነገር ነው» አሉ ግራዝማች። ይህን ከየት እንዳወቁት እንጃ፤ ለካ ጭቃ የያዘውን መኪና በበሬ ሲጎትቱ ስንት ጊዜ አይተዋል።

«ይኸኛው አራቱም እግሩ ይሠራል።»

ግራዝማች ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «አራቱም?»

«አራቱም።»

«አራቱም ከሠራ ይምጣ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ራሱ ይያዘው። ፈረንጁ ከያዘለት፣ ከደጄ ሳይደርስ ይመለስ።»

ሚስተር ጉዳዩን ስነግረው እኔን ሳይሆን ሠርጉን አቀፈው ማለት ይቻላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዳንግላ ወጣ ባለው ሜዳ መንዳት አስተማረኝ። ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሹን ራሱ ይቀያይራል፤ የእኔ ሥራ መሪ መያዝ፣ ነዳጅ መርገጥና ፍሬን መርገጥ ብቻ ነበር። ሜዳው ደረቅ ነበርና ፍሬኑም እንደ በግ የዋህ ሆነልኝ። ሹፌር የሆንኩ መሰለኝ። እንዲያውም ለሚዜዬ ለደመቀ፣ ዳንግላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ለሆነው ጓደኛዬ፣ «መኪና እኮ ቀላል ነው፤ ፈረስ ነው የከበደ» አልኩት።

የሠርጉን ዋዜማ ኮሶበር አደርን። አያ ዘለቀ ለማንኛውም ብሎ የሙሽራውን ፈረስ በጌጥ አስውቦ አምጥቶታል። ጧት ስንነሳ ያልታሰበ የበጋ ዝናብ ወርዶ አገሩ ጭቃ ሆኗል። ሚስተር ፈረሱን ሲያይ መኪናውን ረሳው። ለካ እሱም አገሩ በፈረስ ቀበሮ ሲያባርር ያደገ ሰው ኖሯል። «አንተ የኔን ያዝ፣ እኔ ያንተን ልያዝ» አለኝና ቁልፉን ወርውሮልኝ ዘሎ ወጣ። አንድ ሰው ጋቢ አለበሰው። ከፈረሰኞቹ ጋር እየጋለበ ቀድሞን ሄደ። ብቻዬን መንዳቴ ያስፈራኛል ልል ነበር፤ ግን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል እስካስብ ድረስ ከዓይኔ ጠፋ።

መንገዱ ላይ ግን፣ የምነግራችሁ እውነት ነው፣ ንጉሥ ነበርኩ! የሠርግ እንግዳ የጫነው የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቡ ሰጥሞ ሰዉ እየወረደ ይገፋል። እኛ በጎኑ አራቱንም ጎማ አፈር እያስቆነጠጥን አለፍን። ደመቀ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ደህና ዋሉ!» ይላል። ግራዝማች ይህን ቢያዩ ብዬ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ደመቀን «አየህ፣ አልለቀቅኩም» እያልኩ መሪውን የሙጥኝ ይዤዋለሁ።

የአስካል ቤት ከዘንገና ሐይቅ በላይ፣ ተዳፋት ላይ ነው። ከቤቱ በታች በቀርከሃ የተሠራ ትልቅ ዳስ ተጥሏል። ከዳሱ በታች ርጥብ ሣር ነው፤ ከሣሩ በታች ደግሞ ዛፍ፣ ከዛፉ በታች ገደልና ሐይቁ። ሰዉ በሁለት ረድፍ ተሰልፎ ይጠብቀናል። እልልታው ቀለጠ። እኔም ኮራ ብዬ ፍሬን ረገጥኩ።

መርገጫው መለሰልኝ።

እግሬን ከሥር ወደ ላይ ትር ትር ትር አድርጎ ገፋኝ። የምሬን ነው የምላችሁ፣ ነፍስ ያለው ነገር የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። የአጎቴ ምክር በአንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ሲመልስልህ አትታገለው፣ አላላለት። አላላሁለት። መኪናው ሄደ።

እንደገና ረገጥኩ። እንደገና ትር ትር አለኝ። እንደገና አላላሁ። በተሰለፈው ሰው መካከል እንደ ንፋስ አለፍን።

«ዳሱ! ዳሱ!» አለ ደመቀ።

መሪውን ጠመዘዝኩት። አቤት አታዛዙ! ርጥብ ሣር ላይ ሌላው መኪና ቢሆን ተገልብጦ ነበር፤ እሱ ግን ዳሱን እየታከከ በሥርዓት ዞረ። ሰዉ ይህን ሲያይ እልልታውን በእጥፍ አደረገው። እኛ ጋ የሙሽራ ፈረሰኞች ከመውረዳቸው በፊት ዳሱን እየዞሩ ግልቢያ ማሳየት ደንብ ነው። እኔም ደንብ የማደርስ መሰላቸው! «አንድ!» ብለው ቆጠሩልኝ። እኔ ትር ሲለኝ አላላለሁ፣ ስደነግጥ ደግሞ ነዳጁን እረግጣለሁ። «ሁለት!» አሉ። በሁለተኛው ዙር የዳሱ ማዕዘን ቀርከሃ የኋላ መከላከያችንን ያዘና ከነቅጠሉ ተከተለን። አንዲት እናት «ጌጡ ማማሩ!» ሲሉ ሰማሁ። ደመቀ ዓይኑን ጨፍኖ ዳዊት የሚደግም ይመስላል፤ ዳዊት እንደማያውቅ ግን እኔ አውቃለሁ።

ሦስተኛውን ልዞር ስል መኪናው ቁልቁል ወደ ሐይቁ አቀና።

ይህን ጊዜ ከሕዝቡ ሁሉ ነገሩ የገባቸው እኒያው ያልሳቁት ሰውዬ ነበሩ። ግራዝማች ዳማ ፈረሳቸውን ያለ ኮርቻ ዘለው ወጥተው፣ ጋቢያቸው እየተውለበለበ፣ በመስኮቴ ትይዩ ሲጋልቡ አየኋቸው።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ» አልኩ። ምን ላድርግ፣ አማቴ ናቸው። «ፍሬኑ ይመልሳል! እግሬን ይገፋኛል!»

«አንተስ?»

«አላላለታለሁ!»

«ማን አላላ አለህ?»

«አያ ዘለቀ!»

በአገውኛ አጎቴን አንድ ነገር አሉት፤ አልጽፈውም። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ። «ማላላት ሌላ፣ መልቀቅ ሌላ! ይመልስ! ይግፋህ! አንተ ብቻ እርገጥ! እርገጥ ብዬሃለሁ!»

በሁለት እግሬ ረገጥኩ። መርገጫው ትር ትር ትር አለ፤ አለቀስኩ እንጂ አልለቀቅኩም። እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። መኪናው ግን ሳይንሸራተት፣ ወገቡን እንኳ ሳይነቀንቅ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለካ ሚስተር «በጭራሽ» ያለኝ እግርህን በጭራሽ አታንሳ ማለቱ ኖሯል። ከፊታችን ሁለት ዛፍ አለ። በሁለቱ ዛፍ መካከል የሐይቁ ውሃ ያብለጨልጫል።

ሞተሩን አጠፋሁ።  ከዚያ ደመቀ በሩን ከፈተና ወደ ኋላው ሳያይ ወደ ዳሱ ሄደ። ሚዜዬ ነው እንግዲህ።

ግራዝማች ከፈረሳቸው ወርደው ወደ ኋላ ተመለሱ። ጎንበስ ብለው ሣሩ ላይ ያለውን የጎማ ዱካ እንደ ፈረስ ኮቴ መረመሩት። «አራቱም ረግጧል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ውረድ።»

«አልወርድም።»

«ለምን?»

«እግሬን ካነሳሁ ሐይቁ ውስጥ ነን።»

ግራዝማች መሬቱን አዩ። ሐይቁን አዩ። እኔን አዩ። ጺማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና፣ «ልክ ነህ፤ እንዳትነቃነቅ» አሉኝ። ሰው ጠርተው በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደረጉ። «አሁንስ?» ሲለኝ አጎቴ፣ «ድንጋይ ምን ይታመናል» አልኩት። እውነቴን ነው፤ አንዴ ለቅቄ አገር ምድሩ ስም አውጥቶልኛል። ሁለተኛ ብለቅ አስካልን ማጣቴ ነው። የቀኝ እግሬ ከብረት ጋር የተበየደ እስኪመስለኝ ድረስ ረግጬ ተቀመጥኩ።

ሚስተር ቢኖር መላ ይል ነበር። ሚስተር ግን የት ነበር መሰላችሁ? ባጌጠው የሙሽራ ፈረስ ላይ ጋቢ ለብሶ ቀድሞ የደረሰ ሰው ምን ይባላል? ሙሽራ ነዋ! ሴቶቹ እየዘፈኑ አውርደውት፣ የሙሽራው መቀመጫ ላይ አስቀምጠውት፣ ጠጅ በብርሌ እያንቆረቆሩለት ነበር። አስተርጓሚው እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፤ ማን አስረድቶት ይነሳ።

ሠርጉ እንግዲህ ወደ እኔ መጣ። ሽማግሌዎች በርጩማቸውን ይዘው ወርደው በመስኮቴ ሥር ተደረደሩ። ውሉ በመስኮት ተነበበልኝ። በመስኮት ማልኩ። ቄሱ በመስኮት ባረኩኝ፤ መስቀሉን ልሳለም አንገቴን ሳወጣ «እግርህን! እግርህን!» አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ። የአስካል እናት ጉርሻ ይዘው ወርደው በመስኮት አጎረሱኝ። የፈረሰኞቹ አለቃ እንኳ መጥቶ «ያዝ፣ በርታ» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ የወዲያኛው በር ተከፈተና አስካል ገባች። ነጭ ሻሿን እስከ ዓይኗ ጥላለች። አጠገቤ ቆዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች። 

«እግርህ አልደከመህም?» አለች ቀስ ብላ።

«አልቋል።»

«ታዲያ ለምን አትለቅም?»

«አንቺን ብዬ ነው እንጂ!»

ከሻሿ ሥር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ልቤ ተነካ። ለካ ትስቃለች። እኔም እግሬ እንደረገጠ መሳቅ ጀመርኩ፤ ሁለታችን እየሳቅን መኪናው ሁሉ ተነቃነቀ፣ ሽማግሌዎቹም ደንግጠው ተነሱ። ከዚያ ቀን በፊት በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሚስተር ፊቱ በርበሬ መስሎ እየተንገዳገደ ወረደ። እኔን አየ። መሬቱን አየ። እጁን በመስኮት አስገብቶ የእጅ ፍሬኑን ቀጭ አደረገና አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አለ?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ያለው እንዲህ ነበር፦ «ሜዳ ላይ እኮ ነው የቆምከው።» አሻግሬ አየሁ። እውነቱን ነው። ከዛፎቹ በፊት ያለው ሣር ሳህን የመሰለ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። መኪናው ቢለቀቅ እንኳ የሚሄድበት የለውም።

«‹የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ፤ ዘራችሁ እንደ ሰማይ ከዋክብት ይብዛ› ነው ያለው» አልኩ።

«ይህን ሁሉ በሁለት ቃል?» አሉ ግራዝማች።

«እንግሊዝኛ አጭር ነው አባቴ።»

ግራዝማች ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእግራቸው ገፍተው አወጡ። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በመስኮቴ ጎንበስ አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

«ሜዳ መሆኑን እኔ ከፈረሴ ስወርድ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ከረፋድ እስከ ቀትር እኮ ነው!»

«ከረፋድ እስከ ቀትር ይዘሃል፤ አልለቀቅክም። እኔስ ሌላ ምን ጠየቅኩ? በል አሁን እሱን ልቀቅና ሚስትህን ያዝ።»

በሩን ከፍቼ እንደ ጀግና ወረድኩ። እግሬ ግን ደንዝዞ የእኔ አልነበረም። አገር ምድሩ ቆሞ እያየ ርጥቡ ሣር ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ወድቄ አላውቅም ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ወደቅኩ። ተነሳሁ፣ ጭቃዬን አራገፍኩ፣ መኪናውን ሰደብኩ፤ አስካል ዋንጫውን ይዛ ቆማ ነበርና ጠላዬን ጠጣሁ።